እሑድ ማታ፣ ሬሳው ሲገኝ

እሑድ ከምሽቱ ሁለት፣ ዝናብ መስኮቱን ሲመታ፣
የሳምንቱን ጋዜጣ አነጠፍኩት፣ ለድመቷ መኝታ፤
ገጹ ላይ ያለው ሚኒስትር አፉን እንደከፈተ
ከሆዷ ሥር ዝም አለ፤ ለአንድ ምሽት ተከተተ።

ቀኑን ሙሉ ሬዲዮው ጮኾ፣ ግብር፣ ድንበር፣ ምርጫ፣ ካቢኔ፤
ግሪምስቢ ወደብ አርባ ዓመት ዓሣ ሳራግፍ
እንዲህ ያለ ግማት አላየሁም እኔ።

ሻዬን ቀዳሁ፤ ወተት ጨመርኩ፤ ሁለት ብስኩት ከጎኑ፤
አሁን ሰው ይሙትልኝ አልኩ፤ ደረሰልኝ ቀኑ።

የማላውቀው ደግ ሰው፣ ከቄሱ ጓሮ፣ ጽጌረዳ መሃል፣
በአፍጢሙ ተደፍቶ ተገኘ፤ አንድ ጫማው ጠፍቷል።
ኢንስፔክተር ዊንቶፍት መጣ ባሮጌ መኪናው እያዘገመ፤
አየ፤ ጎንበስ አለ፤ ሣሩን ነካ፤ ደግሞ ዝም ብሎ ቆመ።
አይቸኩልም፤ ቃል አይገባም፤ ጠረጴዛ አይደበድብም፤
«ሕዝቡ እንዲህ አለ» እያለ በኔ ስም ንግግር አያነብም።
የሚጠይቀው አንድ ነገር፦ «ሐሙስ ማታ የት ነበሩ?»
ሰዎቹም፣ ጉድ እኮ ነው፣ ይመልሱለታል ሳይዞሩ።
ቢዋሹ እንኳ ውሸታቸው ዕድሜው ዘጠና ደቂቃ ነው፤
ከዚያ በላይ የሚኖረውን ዜና ላይ ነው የማየው።

ከግድግዳው ወዲያ ግሌኒስ ፕራውትም ይህንኑ ታያለች፤
ጆሮዋ ስለደከመ ድምፁን ጣራ ላይ ትሰቅላለች።
ሰባት ዓመት ሆነን፣ እሷና እኔ ሳንነጋገር፤
ጦሱ የድምፅ መስጫ ወረቀት ነው፣ የዚያ የሠኔ ነገር።
እሷ «እንውጣ»፣ እኔ «እንቆይ»፣ አጥር ተደግፈን ነበርን፤
ቃል ቃልን ወለደና ሰላምታችንን ቀበርን።
በማግስቱ የተዋሰችውን መሰላል በሬ ላይ አጋድማ
ሄደች፤ እኔም የኬክ ሳህኗን መለስኩ፣
ሳላጥበው፣ ማታ፣ በጨለማ።

ዛሬ የመጨረሻው ክፍል። ተጠርጣሪዎቹ በሙሉ
በቄሱ ሳሎን ተኮልኩለው እርስ በርስ ይተያያሉ፦
ሐኪሙ፣ አትክልተኛው፣ የፖስታ ቤቷ እመቤት፣
ከለንደን የመጣው የወንድም ልጅ፣ ዕዳ ያለበት።
ዊንቶፍት እሳቱን ቆሰቆሰ፤ ወደ መብራቱ ተጠጋ፤
«ገዳዩ» አለ፣ «ገዳዩ...» ጣቱን ቀስ ብሎ ዘረጋ—

ሰበር ዜና።
ቀይ ሪባን። ደጃፍ ላይ የተገተረ ማይክሮፎን።
ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለቀዋል።
እኔስ? እኔ ምን ልሁን?
አንዱ ይለቃል፣ አንዱ ይተካል፤ ነገም ሌላው ይለቃል፤
የምስኪኑ ሟች ገዳይ ግን ከማን ደጅ ይጠየቃል?
ድመቷ ተነሳች። ሚኒስትሩ ከሥሯ ብቅ አለ፣
አፉ ዛሬም ክፍት ነው፤ ጥርሱ ላይ የድመት ፀጉር አለ።

ያኔ ግድግዳው ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ፤ በማንኪያ ይሆናል።
«ኖርማን! ማን ነው የገደለው?»
ስም ሰባት ዓመት ተቀብሮ ሲነሳ ያስደነግጣል።
አፌን ልጣፉ ላይ ገጥሜ፣ «አትክልተኛው ነዋ!» አልኩ፤
«ጫማው ጭቃ ነው!» «ምን? አልሰማም!»
ካፖርቴን ደርቤ ወጣሁ፤ ሻዬን እንደ ሞላ ተውኩ።

ጃንጥላዋ ካጥሩ በላይ ብቅ አለ፣ እግሯ በቤት ጫማ፤
«የፖስታ ቤቷ ሴት ናት» አለች፣ ዝናቡን በጩኸት ቀድማ፤
«ደብዳቤው ሳይከፈት በፊት ምን እንደሚል ታውቅ ነበር።»
«የአትክልተኛው ጭቃስ?»
«ጭቃ የሌለበት ማን አለ፣ በዚህ አገር?»
ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ከሳሎኗ የዜናው ሰው ይለፈልፋል፤
ለባዶ ወንበር ይንገረው፤ ከባዶ ወንበር ምን ያተርፋል።

ስለዚያ ሠኔ ግን ማናችንም ትንፍሽ አላልን። አልበረደም ይሆናል።
እንደ ኮርኒስ አይጥ ነው እሱ፤ ሌሊት ሌሊት ይቧጥጣል።

ማክሰኞ ሲደገም አየነው፣ እሷ በሷ፣ እኔ በኔ ሳሎን፤
ገዳዩ ሐኪሙ ሆኖ ተገኘ፤ ሁለታችንም ተሳስተን።
በማንኪያ ግድግዳውን መታሁ፣ ሦስት ጊዜ፣ እንደ እሷ፦
«ግሌኒስ! አሸንዳሽ ያፈሳል፤ መሰላሉን ላውስሽ?»
ቆይቶ፣ አንድ ጊዜ፣ ቀስ ያለ የማንኪያ ድምፅ፣ ከሷ።